የቅጥር ደብዳቤው ማኅተም አለው፤ ብሩን ያስገባሁት ግን በግለሰብ ስም ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው፤ የምኖረው አዳማ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከወር በፊት አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ፣ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ድርጅት ስም የወጣ ማስታወቂያ አየሁ። «ጀማሪ አካውንታንት፣ ዜሮ ዓመት ልምድ፣ ደሞዝ 28,000 ብር» ይላል። ሲቪዬን ላክሁ። በማግስቱ እዚያው ቴሌግራም ላይ ጥቂት ጥያቄ ጠየቁኝና «አልፈሻል» አሉኝ። ሎጎና ማኅተም ያለበት የቅጥር ደብዳቤም ላኩልኝ፤ ፈርሜ መለስኩ። ለስልጠናና ለመታወቂያ 4,800 ብር በቴሌብር በአንድ ግለሰብ ስም አስገባሁ። የዲግሪዬንና የፋይዳ መታወቂያዬን ፎቶም ልኬያለሁ። ከዚያ «የዋስትና ማስያዣ» ብለው ሌላ 7,500 ብር ሲጠይቁኝ የለኝም አልኳቸው። አሁን ደግሞ «ችግር የለም፣ የደንበኞች ክፍያ በአንቺ አካውንት ይግባ፤ 5 በመቶ ለራስሽ ቀንሰሽ ቀሪውን ወደምንነግርሽ አስተላልፊ» እያሉኝ ነው። የአክስቴ ልጅም በእኔ ጥቆማ 4,800 ብር ከፍላለች። ድርጅቱን መክሰስ እችላለሁ? ብሬስ ይመለሳል? የአክስቴ ልጅ እኔን ብትከሰኝስ?

መልስ፦ እህቴ፣ «አንቺ» ማለቴን እንደ ታላቅ ወንድም ቁጠሪው። ሦስት ጥያቄ ጠይቀሻል። እኔ ግን ባልጠየቅሽው ልጀምር። የባንክ አካውንት ቁጥርሽን እንዳትሰጪያቸው። ሰጥተሽ ከሆነ ዛሬውኑ ባንክሽ ሂጂና አሳውቂ፤ የማታውቂው ገንዘብ ከገባም አንድ ብር እንዳትነኪ።

እስቲ ያንን 4,800 ብር ያስገባሽበትን ስም አስቢው። ዋናው ሌባ እሱ ይመስልሻል አይደል? ላይሆን ይችላል። ምናልባት እሱም ባለፈው ወር «የደንበኞች ክፍያ በአንተ በኩል ይግባ» የተባለ ሥራ ፈላጊ ነው። አንቺም እሺ ብትዪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያለች ሌላ ምሩቅ ብሯን የምታስገባው በአንቺ ስም ነው። ፖሊስ ጣቢያ ይዛ የምትሄደውም የአንቺን ስም ነው። ዋናዎቹ ከጀርባ ይቀመጣሉ፤ ፊት ለፊት የሚታየው የተራበ ምሩቅ ነው።

ከወንጀል የተገኘን ገንዘብ ተቀብሎ ማስተላለፍ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ከማታለል ወንጀል እጅግ ይከብዳል። «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድንም። ማወቅ ይገባሽ ነበር ወይ የሚል ጥያቄም ይመጣል። አንቺ ደግሞ አካውንታንት ነሽ። አንድ ትልቅ ድርጅት የደንበኞቹን ገንዘብ፣ ገና አንድ ቀን ሥራ ባልገባች ልጅ የግል አካውንት እንደማይሰበስብ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ዳኛውም ይህንኑ ነው የሚልሽ።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልምጣ። ድርጅቱን መክሰስ አትችዪም። ውል የሚፈጠረው በሁለት ወገን ፈቃድ ነው። ድርጅቱ አልፈቀደም፤ ስሙንም ምናልባት እንደ አንቺው ተሰርቋል። ማኅተም ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። ፎቶ በስልክ ማስተካከል የሚችል ልጅ በአሥር ደቂቃ ማኅተም ይሠራል። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 375 የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ ማኅተሙን ያየ ሰው ሁሉ ያምናል። እኛ አገር ማኅተም ስናይ እንደ ቅዱስ ነገር የምንፈራው ልማድ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ሀብት ሆኗቸዋል።

ቢሆንም ድርጅቱ ጋር መሄድ አለብሽ፤ ለክስ ሳይሆን ለማስረጃ። የሰው ኃይል ክፍሉን ደብዳቤውን አሳዪውና «ይህ ከእኛ የወጣ አይደለም» የሚል መልስ በጽሑፍ ጠይቂ። ለፖሊስ ከዚህ የበለጠ ወረቀት የለም። ስትደውዪ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ እንዳይሆን፤ እዚያ የሚያነሳው ያው ራሱ ሰውዬ ነው። ብዙ ሰው ንግድ ፈቃድ አጣራሁ ብሎ ይዘናጋል። በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢ-ትሬድ ገጽ ላይ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማጣራት ይቻላል፤ ጥሩም ነገር ነው። ግን የሚነግርሽ ድርጅቱ መኖሩን እንጂ፣ የሚያወራሽ ሰው የድርጅቱ ሰው መሆኑን አይደለም።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ብሩ ወዴት እንደሚሄድ ነው። በሥራ ውል ውስጥ ብር ከአሠሪ ወደ ሠራተኛ ነው የሚሄደው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12ን ብታነቢ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ዕቃ የማቅረብ ግዴታ በመሠረቱ የአሠሪው ነው። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ፣ ዩኒፎርም፣ ላፕቶፕ እያሉ ሥራ ፈላጊን ማስከፈል ከየትም የመጣ አይደለም። «ችሎታሽን ለማየት ስልጠና» ካሉሽም፣ ሕጉ ለዚያ የሙከራ ጊዜ ሰጥቷል፤ ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጥ፣ ደሞዝ የሚከፈልበት። ኤጀንሲ ነን ቢሉም ያው ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181፣ በመርህ ደረጃ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ገንዘብ እንዳይወስድ ይከለክላል። በየመብራት ምሰሶው «ፎርም 300 ብር» ብለው የሚለጥፉትን አስቢያቸው። የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶችም በየትኛውም የቅጥር ደረጃ አያስከፍሉም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን በስማቸው ስንቱ ተበልቷል።

ስለ ዋስትናው ትንሽ ልጨምር፤ ምክንያቱም ይህኛው እውነት ይመስላል። ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ ዋስ መጠየቅ የተለመደ ነው። ግን የሚጠየቀው ሰው ነው፤ ዋሱ በጽሑፍ ይፈርማል፣ እስከ ስንት ብር ኃላፊ እንደሆነም ይጻፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ጣሪያው ያልተጻፈ ዋስትና አይጸናም። «ማስያዣ በቴሌብር ላኪ» የሚባል ዋስትና ግን እኔ በሕግ መጽሐፍ አላየሁም።

ብርሽ ይመለሳል ወይ? መንገዱ አለ፤ ግን በእርግጠኝነት ይመለሳል ብዬ አልዋሽሽም። የደረሰብሽ ነገር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት ነው፤ ያልሆኑትን ነን ብሎ፣ ሐሰት ተናግሮ ሰው ገንዘቡን እንዲሰጥ ማድረግ። ቅጣቱ ቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደት ደግሞ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ነገሩ በቴሌግራም ስለተፈጸመ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10ም ይመለከተዋል፤ እዚያ ደግሞ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ አለ።

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄጂ አንድ ነገር ሊገጥምሽ ይችላል። ተረኛው «ይሄ እኮ ፍትሐ ብሔር ነው፤ ፍርድ ቤት ሄደሽ ክሰሺ» ሊልሽ ይችላል። ብሩ ትንሽ ሲሆን ይህ መልስ ይበዛል። አትመለሺ። ልዩነቱን በትሕትና አስረጂው። አንድ እውነተኛ አሠሪ ቀጥሮሽ ደሞዝ ቢከለክልሽ የውል ጉዳይ ነው። ይሄኛው ግን ገና ከመጀመሪያው ያልሆነውን ነኝ ብሎ ብር ተቀብሏል። ሐሳቡ ሲጀመር ማታለል ስለሆነ ወንጀል ነው። አሁንም እምቢ ካለ ማመልከቻሽን ይዘሽ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሂጂ። ጥፋተኛው ከተገኘና ከተከሰሰ የካሳ ጥያቄሽን ከወንጀል ክሱ ጋር አብረሽ ማቅረብ ትችያለሽ። በፍትሐ ብሔር ብቻ መሄድ ከፈለግሽም ሁለት ዓመት ሳያልፍ ይሁን፤ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሰጠው ጊዜ እሱ ነው።

ማስረጃው ላይ ግን ዛሬ ማታ ተቀመጪ። ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን በፈለገው ሰዓት ቻቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ጠዋት ስትነሺ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ ስክሪንሾት አንሺ። የሌላ ሰው ስልክ ተውሰሽ እያንሸራተትሽ በቪዲዮ ብትቀርጪው ደግሞ የበለጠ ይታመናል። ኮምፒውተር ካገኘሽ ቻቱን በሙሉ ማውረድ ይቻላል። የቻናሉን ስምና የሰውዬውን የተጠቃሚ ስም ጻፊ። ከ127 የመጣልሽን የቴሌብር መልእክት አታጥፊ፤ የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። የቴሌብሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ፖሊስ በሕግ መንገድ መጠየቅ ይችላል፤ ፍጥነት ግን ይጠይቃል፤ ብሩ በዚያ አካውንት ብዙ አያድርም። ይህን ሁሉ ሳትጨርሺ ብሎክ አታድርጊያቸው፤ አትሳደቢም። አውቃለሁ፣ ያቃጥላል።

የላክሽው መታወቂያ ሌላ ጣጣ ነው። ለፖሊስ በምትሰጪው ቃል ላይ የፋይዳሽና የዲግሪሽ ፎቶ እጃቸው እንደገባ ከነቀኑ አስመዝግቢ። ነገ በስምሽ ሲም ካርድ ወይም አካውንት ቢከፈት፣ አስቀድመሽ ማመልከትሽ ትልቅ መከላከያ ነው። በስልክሽ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ማንም ቢጠይቅሽ አትንገሪ። ፎቶው ያለዚያ ቁጥር ብዙ ርቀት አይወስዳቸውም።

የአክስትሽን ልጅ ጉዳይ አትፍሪው። አታላይነት የሚያስቀጣው ሆን ተብሎ ሲፈጸም ነው። አንቺ ራስሽ አምነሽ፣ ብርሽን ከፍለሽ፣ ትጠቀምልኝ ብለሽ ነው የጠቆምሻት። በቸልተኝነት የተደረገ ነገር የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲል ብቻ ነው፤ ማታለል ላይ ደግሞ አይልም። ነገሩ የሚለወጠው፣ ሐሰት መሆኑን ካወቅሽ በኋላ ዝም ካልሽና ሌላ ሰው ካስገባሽ ነው። ዛሬውኑ ንገሪያት። ልትቆጣሽ ትችላለች፤ ትቆጣ። አብራችሁ ሂዱ፤ ሁለት ሰው በአንድ ዘዴ፣ በአንድ ቻናል፣ ምናልባትም በአንድ የቴሌብር ስም ሲከፍል መርማሪው ጉዳዩን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

ይህን ዓምድ የሚያነቡ ብዙዎች ደግሞ የውጭ አገር ሥራ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በአንቀጽ 10 ወጪውን ለሁለት ከፍሎታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ የአሠሪው ነው። ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሠራተኛው ነው። «የቪዛ ብር» የሚላችሁ ደላላ የአሠሪውን ዕዳ እያስከፈላችሁ ነው። በቱሪስት ቪዛ ግቡና እዚያ ይስተካከላል ካለ ደግሞ ጉዳዩ የብር ብቻ አይደለም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በምያንማር ድንበር ካሉ የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ እነዚያ ካምፖች ሰው የሚወሰደው «ባንኮክ ጥሩ የኮምፒውተር ሥራ አለ» እየተባለ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚሰጠው ሥራ ደግሞ ሌላ ሰው ማጭበርበር ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማመልከቻ ካስገባሽ በኋላ፣ ወይም ቻናሎች ላይ «ተሸወድኩ» ብለሽ ከጻፍሽ፣ «ብርሽን አስመልሳለሁ፣ 1,000 ብር ብቻ ለአገልግሎት» የሚል ሰው በውስጥ መስመር ይመጣል። ሀከር ነኝ ይልሻል፣ መርማሪ ነኝ ይልሻል፣ ጠበቃ ነኝም ይልሻል። በእኔ ስምና ፎቶ የመጣ ካለ፣ እኔ አይደለሁም።