«ልጄ የእንቅልፍ ተመራማሪ ልሁን ትላለች» ላሉት አባት

ወንድሜ፣ ልጅዎ የአንጎል ሳይንስ ተምራ ስትጨርስ እንቅልፍንና እርጅናን ላጥና ማለቷ እንዳሳሰበዎት ጽፈዋል። «እንቅልፍ ምኑ ይጠናል? እንጀራስ ይሆናታል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የእንቅልፍ ላቦራቶሪ 11 ዓመት የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስለሠራሁ ግን ያየሁትን ልንገርዎ።

አንድ የ70 ዓመት አዛውንት ለጥናት ሲመጡ ራሳቸውን በሜትር እለካለሁ፣ በቀይ እርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፣ ፀጉራቸውን እየከፈልኩ የአንጎልን ሞገድ የሚቀበሉትን ትንንሽ ብረቶች፣ ኤሌክትሮዶቹን፣ አንድ በአንድ አጣብቃለሁ። እሳቸው ይተኛሉ፤ እኔ በሚቀጥለው ክፍል ሆኜ የአንጎላቸውን ሞገድ በኮምፒውተር እከታተላለሁ። ሌሊቱ በ30 በ30 ሰከንድ ተቆርጦ ስለሚነበብ የ8 ሰዓት እንቅልፍ 960 ገጽ ይሆናል። ወጣት ጥልቅ እንቅልፍ ሲይዘው ሞገዱ እንደ ስሜን ተራሮች ይቆማል። አዛውንቱ ዘንድ ያው ዝግተኛ ሞገድ ይመጣል፣ ቁመቱ ግን ያጥራል። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የአነባበብ ደንብ ደግሞ ቁመቱ ከ75 ማይክሮቮልት (የሞገዱ ቁመት የሚለካበት አሃድ ነው) በላይ ያልሆነውን ጥልቅ ብሎ አይቆጥርም። ታዲያ እኚህ ሰው ያጡት እንቅልፉን ነው ወይስ የሞገዱን ቁመት? የላቦራቶሪያችን ኃላፊ በዚህች አንዲት ጥያቄ ከተማሪዎቿ ጋር ስትከራከር ሲነጋ ያገኘኋት ጊዜ ብዙ ነው። «ምኑ ይጠናል?» ላሉት የእኔ መልስ ይህ ነው፤ «እርጅና ነው» ብለን የምናልፈውን እነሱ አያልፉትም።

ሥራው የሚጠይቀውን ትዕግሥት ለማሳየት ስለ እንቅልፍ ምርምር ፈር ቀዳጁ ናትናኤል ክላይትማን ልጨምር። በ1915 ገና በ20 ዓመታቸው ባዶ እጃቸውን ኒውዮርክ የገቡ ስደተኛ ነበሩ፤ በ1923 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1938 ከአንድ ተማሪያቸው ጋር ኬንታኪ በሚገኘው ማሞዝ ዋሻ ገብተው ሰውነት ከ24 ሰዓት ሌላ መልመድ ይችል እንደሆነ ለማየት የ28 ሰዓት ቀን እየኖሩ 32 ቀን ተቀመጡ። ወጣቱ ተማሪ ለመደው፤ የ43 ዓመቱ መምህር ግን አልሆነላቸውም። ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን እንቅልፍ ከተማሪያቸው ከዩጂን አሰሪንስኪ ጋር ይፋ ያደረጉት በ1953 ነው፤ ከዶክትሬታቸው 30 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

የ28 ሰዓቱ ቀን ግን ዋሻው ውስጥ አልቀረም። አዛውንት ሌሊት 9 ሰዓት የሚነቁት መተኛትንና መንቃትን የሚመራው የሰውነታቸው ሰዓት ዙር ከእርጅና ጋር ስለሚያጥር ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ1999 የሃርቫርዱ ቻርልስ ሳይስለርና ባልደረቦቻቸው ወጣቶችንና አዛውንቶችን ያለ ሰዓት አቆይተው በዚያው ዘዴ ሲለኩ፣ የሁለቱም የሰውነት ሰዓት ዙር በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ሆነ፤ በእርጅና አላጠረም። ዋሻው ከተተወ 61 ዓመት አልፎ ነበር።

እኔም እንዲህ ባለ ጥናት ላይ ሠርቻለሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ሠራተኛ የእጅ ሰዓት አያስርም፣ ጊዜ የሚጠቁም ቃል አይወጣንም። «እንደምን አደሩ»፣ «እንደምን ዋሉ» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁታል። አንዲት እናት በሁለተኛው ሳምንት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ውጭ ፀሐይ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ደንቡ ስለከለከለኝ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ የእሳቸው ትዕግሥት ከሌለ ግን ጥናቱም የለም።

ስለ እንጀራው አልደብቅዎትም። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሙያ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ መጠነኛ አበልም ያገኛል። ግን አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያም በድኅረ ዶክትሬት ሥራ ሌላ ጥቂት ዓመታት አሉ። ከባዱ የምርምር ገንዘብ ማግኘቱ ነው። በ1974 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም ዋነኛ ምንጭ ቢሆንም አመልካቹ ብዙ ነው። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ ተከልክላ በሦስተኛው ነው ያገኘችው፤ በዚያ መካከል ሁለት ጎበዝ ተመራማሪዎች ለቀው ሄዱ።

ስለዚህ ልጅዎን አይከልክሏት፤ ግን ከማመልከቷ በፊት አንድ ክረምት የሌሊት ተረኛ ሆና ትሥራ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተላቀቀ ኤሌክትሮድ ለመመለስ የተኙትን ሰው ሳታስደነግጥ ጨለማ ውስጥ ትግባ፤ ጠዋት ደግሞ 960ውን ገጽ ተቀምጣ ታንብብ። ከዚያ በኋላም ልቀጥል ካለች እዚሁ ትጻፍልኝ፤ የትኞቹን ላቦራቶሪዎች እንደምትጠይቅ እነግራታለሁ።