ማክሮው ፈጥኗል፤ መረጃው ግን ሙሉ ነው?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በስታቲስቲክስ ተመርቀሽ በአንድ ፕሮጀክት ለ6 ወር በመረጃ ሠራተኛነት ተቀጥረሻል። ከየወረዳው በታብሌት ተሞልተው የሚመጡ ከ300 በላይ የሲኤስቪ ፋይሎችን (መረጃው በኮማ ተለያይቶ የተጻፈባቸው ተራ የጽሑፍ ፋይሎች) አንድ በአንድ ወደ ኤክሴል ስትቀይሪ ሁለት ሳምንት ይፈጅብሽ ነበር። አሁን ሁሉንም በደቂቃዎች የሚቀይር ማክሮ፣ ማለትም ኤክሴል ሥራውን በራሱ እንዲሠራ የሚያዝ ትንሽ ፕሮግራም ሠርተሽ፣ «ለአለቃዬ ብነግረው ሥራዬን በገዛ እጄ አጠፋው ይሆን?» ትያለሽ።

ንገሪው። ከመንገርሽ በፊት ግን ማክሮው ምንም እንዳልጣለ አረጋግጪ።

እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ባለው ጊዜ በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ተጠቂዎች በዕለታዊው ቆጠራ ሳይካተቱ ቀርተው ነበር። ላቦራቶሪዎቹ የላኩት ሲኤስቪ ነው፤ የአገሪቱ የጤና መሥሪያ ቤት ግን ፋይሎቹን ወደ አሮጌው የኤክሴል ዓይነት፣ ወደ ኤክስኤልኤስ ይገለብጣቸው ነበር። አሮጌው ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የመጣው ኤክስኤልኤስኤክስ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል። ትርፉ ረድፍ ማንም ሳያየው ተቆረጠ፤ ከታማሚዎቹ ጋር የተገናኙ ሰዎችን ፈልጎ ማስጠንቀቁም በቀናት ዘገየ።

ያንቺ ፋይሎች ትንንሽ ስለሆኑ እዚያ ገደብ ላይ አይደርሱም። የሚያሰጋኝ ሌላው ነው። ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ስለሚያነበው በ09 የሚጀምር ስልክ ዜሮውን ያጣል። የንግድ ባንክ 13 አሃዝ የሒሳብ ቁጥር 1.00E+12 ተብሎ ይታያል፤ እንደዚያ ሆኖ ተመልሶ በሲኤስቪ ከተቀመጠ የኋለኞቹ አሃዞች አይገኙም። ከሁሉ የሚከፋው ቀን ነው። ማክሮ ሲኤስቪን ሲከፍት ሌላ ካላዘዝሽው በቀር በአሜሪካኖች ልማድ ወርን አስቀድሞ ያነባል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ብለው መዝጋቢዎቹ የጻፉት 05/13/2016 ሜይ 13 ይሆናል። ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/02/2016፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሌለ ቀን ስለሆነ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ፣ ከፊሉም የተሳሳተ ቀን!

ስለዚህ ስልክን፣ የሒሳብ ቁጥርንና ቀንን እንደ ጽሑፍ እንዲያስገባ እዘዥው። ኤክሴል የፋይሉ ቅጥያ (ከስሙ ቀጥሎ ከነጥብ በኋላ ያለው) ሲኤስቪ ከሆነ ይህን ትእዛዝ ችላ ይላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተቸግሯል። መፍትሔው ማክሮው ቅጂውን ቲኤክስቲ ብሎ ሰይሞ እንዲከፍተው ማድረግ ነው። አማርኛው እንዳይበላሽም በማክሮው የፋይል መክፈቻ ትእዛዝ ውስጥ ኦሪጂን (Origin) በሚለው ቦታ 65001 አስገቢ፤ የአማርኛ ፊደላትንም የሚይዘው የዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት መለያ ቁጥር ነው። ዋናዎቹን ፋይሎች በሌላ ፎልደር አኑሪያቸው፤ ማክሮ የሠራውን ወደኋላ መመለስ አይቻልም።

ከዚያ ማክሮው አንድ ተጨማሪ ገጽ እንዲጽፍ አድርጊ፦ የፋይሉ ስም፣ በፊት የነበሩት መዝገቦች ብዛት፣ አሁን ያሉት ብዛት። አለቃሽ ዘንድ ስትገቢ ይህን ገጽ ያዥ። ኮምፒውተር የሚችል ሰው ብዙ ነው፤ «300ውም ፋይሎች ሙሉ ናቸው፣ ማስረጃው ይኸው» የሚል ግን ቀጣሪ ሆኜ ባየው አልለቀውም።

ውልሽ ይታደሳል ብዬ ቃል መግባት አልችልም። ፍርሃትሽም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የተረፈውን ሁለት ሳምንት ባዶ አድርገሽ አታቅርቢው፤ የተሳሳቱትን መልሶች ለይቼ ወደየወረዳው እየደወልኩ ላስተካክል ብለሽ ጠይቂ። ያን ሥራ ማክሮ አይሠራውም።

በሲቪሽ ላይ «ማክሮ እችላለሁ» ብለሽ አትለፊው። «ከ300 በላይ ፋይሎችን ወደ ኤክሴል የሚቀይርና የመዝገቡን ብዛት የሚያመሳክር ማክሮ ሠርቻለሁ፤ የሁለት ሳምንቱን ሥራ ወደ ደቂቃዎች አውርጃለሁ» ብለሽ ጻፊ። ለቃለ መጠይቅ ማሳያ ካስፈለገሽ በፈጠራ ስሞች የሞላሻቸው ጥቂት ፋይሎች አዘጋጂ። የፕሮጀክቱን ፋይሎች ከቢሮ አታውጪ፤ የሰዎች ስምና ስልክ አለባቸው።