መልስ፦ የግጭት መፈተሻው በ8 ትሬድ ለምን ዘገየ?

አውሮፕላኖች በሚቀጥሉት 5 ደቂቃዎች ይጋጩ እንደሆነ ጥንድ በጥንድ የሚፈትሸው ፕሮግራምህ በ8 ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች) ሲሠራ ዘገየ፣ ውጤቱም ተለዋወጠ ብለሃል። ያዘገየህ በየጥንዱ የምትይዘው ሎክ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲጽፍ የሚያደርግ ቁልፍ) ነው። 1,000 አውሮፕላን 499,500 ጥንድ ይሆናል፤ ሁሉም ትሬድ አንድ ዝርዝር ላይ ለመጻፍ ከተሰለፈ፣ አንዱ ሲጽፍ ሰባቱ ቆመው ይጠብቃሉ። እንዲህ አስተካክለው፦

1. ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ዝርዝር ስጠውና መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አዋህዳቸው። ሎኩ ከዚያ በኋላ አያስፈልግም።

2. የፍተሻው ዙር ከመጀመሩ በፊት የሁሉንም አውሮፕላን ቦታ ቅዳ፤ ትሬዶቹ ቅጂውን ብቻ ያንብቡ። ውጤቱ በየሩጫው የሚለዋወጥብህ አንዱ እያነበበ ሌላው ቦታ ስለሚቀይር ነው።

3. ረድፎቹን 125 በ125 ቆርጠህ አታከፋፍል። የጥንዶቹ ሠንጠረዥ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ የመጀመሪያው ትሬድ ከመጨረሻው 15 እጥፍ ገደማ ይሠራል። ለመጀመሪያው ረድፍ 0፣ 8፣ 16፣ ለሁለተኛው 1፣ 9፣ 17 እያልክ በየተራ አድላቸው።

ጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንድ ጊዜ የሚሠራ የግራፊክስ ቺፕ) ለመግዛት አትቸኩል፤ ግማሽ ሚሊዮን ማወዳደር ለተራ ላፕቶፕ ከባድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰማዩን ጎናቸው 5 ኖቲካል ማይል (9 ኪሎ ሜትር ገደማ) በሆነ ሳጥኖች ከፍለህ ጎረቤት ሳጥኖችን ብቻ ለማየት አስበሃል። ይህ የአሁኑን ርቀት ይይዝልሃል እንጂ የ5 ደቂቃውን ትንበያ አይይዝም። እያንዳንዳቸው በ480 ኖት (በሰዓት 480 ኖቲካል ማይል) ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት አውሮፕላኖች በደቂቃ 16 ኖቲካል ማይል ይቀራረባሉ፤ በ5 ደቂቃ 80። ስለዚህ የሳጥኑ ጎን ቢያንስ 85 (80 ሲደመር የምትፈትሸው የ5 ኖቲካል ማይል ርቀት) ይሁን።

ከፍታም እንዲሁ ነው። አሁን ያሉበት ከፍታ ከ1,000 ጫማ በላይ ይራራቃል ብለህ ጥንዱን አትጣል። ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ላሊበላ የሚወርድ አውሮፕላን በደቂቃ 2,000 ጫማ ከወረደ በ5 ደቂቃ 10,000 ጫማ አቋርጧል፤ በመሃል ያለውን ሁሉ መፈተሽ አለብህ።