ሐኪም ከሥልጠና በኋላ ራሱን እንዴት ያስተምራል?

ስፔሻሊቲያቸውን ጨርሰው በቅርቡ ያለ አስተማሪ መሥራት የጀመሩት ባልደረባችን፣ የሚወጣውን ጥናት ሁሉ አንብበው መጨረስ ስላልቻሉ ከሙያው ወደ ኋላ እንዳይቀሩ እንደሚሠጉ ገልጸው ምክር ጠይቀዋል። ዶክተር፣ ሁሉንም ለማንበብ መሞከሩን ይተዉት። ለእኔ ለዓመታት የዘለቀልኝ ትምህርት ከታካሚ የተነሣ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት፣ ሐኪሞች 3 ታካሚዎችን ሲያዩ 2 ያህል ጥያቄ እንደሚነሣባቸውና አብዛኛው በዚያው ቀጠሮ መልስ እንደማያገኝ አሳይቷል። ጥያቄው እስከ ማታ ስለሚረሳ ወዲያውኑ በኪስ ደብተር እጽፈዋለሁ፤ ስጽፍም የታካሚውን ሁኔታ፣ ያሰብሁትን ሕክምና፣ የሚነጻጸርበትን አማራጭና የምፈልገውን ውጤት ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ አለዚያ ፍለጋው ማብቂያ የለውም። ከዚያ የሙያ ማኅበራትን መመሪያና ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚያወጣቸውን የጥናት ግምገማዎች አያለሁ፤ ካላገኘሁ የሕክምና ጥናቶች ወደሚፈለጉበት የኢንተርኔት ማውጫ፣ ወደ ፐብሜድ እሄዳለሁ።

የምንጠይቀው ግን ስለማናውቀው ብቻ መሆን የለበትም። ከሃርት አታክ በኋላ የሚታይን የልብ ምት መዛባት የሚያስተካክሉት ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ፣ ምቱ ከተስተካከለ ሞትም ይቀንሳል በሚል አሳማኝ ሐሳብ ይታዘዙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ የሆነው ንጽጽር ግን መድኃኒቶቹን የወሰዱት ታካሚዎች ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን) ከወሰዱት በበለጠ ቁጥር እንደሞቱ አሳየ። ስለዚህ በልማድ የማዝዘውን መድኃኒት ሁሉ በየተራ «ማስረጃው ምንድን ነው?» እያልሁ እመረምራለሁ። ይህ አዲስ ጽሑፍ ከማሳደድ ይልቅ ብዙ አስተምሮኛል።

ሌላው፣ ሪፈር ያደረግኋቸውና ከእጄ የወጡ ታካሚዎች የደረሱበትን መከታተል ነው። የመጀመሪያ ግምቴን በጽሑፍ አስቀምጬ ከባዮፕሲው (ከሰውነት ከተወሰደው ናሙና ምርመራ) ወይም ከቀዶ ሕክምናው ውጤት ጋር አስተያያለሁ። ሐኪም ስለ ራሱ ብቃት የሚሰጠው ግምት ከውጭ ምዘና ጋር ብዙ ጊዜ እንደማይገጥም እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷልና፣ የጎደለኝን ራሴ አውቀዋለሁ ብሎ መተማመን አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮንፈረንስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ንግግር አዳምጦ መመለስ ብቻውን አሠራርን ብዙም አይለውጥም። ከዚያ ይልቅ በግልጽ የሚጠይቁዎትን ሁለት ሦስት ባልደረቦች ይምረጡና፣ በየጊዜው እየተገናኛችሁ ያስቸገሯችሁን ታካሚዎች ማንነታቸውን ሳትገልጹ ተወያዩባቸው። የመጀመሪያውን ውይይት በሽታው ምን እንደሆነ እስካሁን ባልታወቀ ታካሚ ቢጀምሩት እመርጣለሁ።