ጠመንጃ ለመቀነስ ላሰብከው ወንድሜ፦ መጀመሪያ ጥይቱን ቁጠር

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ጠመንጃና ሽጉጥ ተደምሮ 11 አለኝ፣ ጥይቱ 8 ዓይነት ነው፣ ኦሮራ ካለው ቤታችን ወጥተን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ልንገባ ነው፣ ባለቤቴም ልትወልድ ደርሳለች፣ የቱን ልሽጥ የቱን ላስቀር?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ኮሎራዶ ነኝ፣ ይሄንኑ መንገድ ሄጄበታለሁ። ስለ መሣሪያ አያያዝ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። የምነግርህ ሰውን ገንዘብ የሚያስወጣውንና ደም የሚያፈላውን ነገር ነው።

1ኛ፦ ከጠመንጃው አትነሳ፣ ከጥይቱ ተነሳ። ሰው ሁሉ የሚጀምረው «ይሄን እወደዋለሁ፣ ያን ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ» እያለ ነው። በዚህ ዓይነት አንድም አይሸጥም። ወረቀት አውጣና በግራ በኩል የጥይቱን ዓይነት ጻፍ፣ በቀኝ በኩል ያንን ጥይት የሚጎርሰውን መሣሪያ ጻፍ። አንድ ብቻ መሣሪያ ያለውና ዓመት ሙሉ ያልተተኮሰ ጥይት ካገኘህ ሁለቱም አብረው ይሂዱ። እኔ በመጨረሻ ያስቀረሁት የጥይት ዓይነት አራት ነው፦ 22፣ 9 ሚሊሜትር፣ 30-06 እና ባለ 12 ጌጅ ሾትገን። 22ቱ ለልምምድና ነገ ልጅህን ለማስተማር ነው። 9 ሚሊሜትር የትም ይገኛል። 30-06 ለኤልክ፣ ለዚያ ትልቁ አጋዘን፣ አደን ነው፤ የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ስፋትና 85 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ክብደት ያለው ጥይት ስለሚጠይቅ በቀጭኑ የ223 ጥይት ኤልክ ማደን አትችልም። ኤልክ ደግሞ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። እኛ ቤት በመስከረም መጨረሻ ጥብሱ ሲወጣ ጎረቤት አይቀርም።

ያን ባለ 40 ሽጉጥህን ሽጠው። ኤፍቢአይ ከ40 ወደ 9 ሚሊሜትር ከተመለሰ ወዲህ ፖሊስ ጣቢያዎችም ተከትለው ስለለቀቁት ገበያው በአሮጌ 40 ተሞልቷል። ዋጋው ያበሳጭሃል፣ ግን ከዓመት ዓመት እየወረደ እንጂ እየወጣ አይሄድም። ባለ 357 ሪቮልቨርህን ግን አትቸኩልበት፣ 38 ስፔሻልንም ስለሚተኩስ አንዱ ሁለት ነው። የክላሹን ነገር አንተ ወስን። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር (ዓመት የምጠራው ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው) በ2021 የአሜሪካ መንግሥት ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ካቆመ በኋላ ያ ርካሽ ጥይት እንደ ድሮው አይደለም። በርካሽነቱ ብለህ ከያዝከው ምክንያቱ አልቋል።

2ኛ፦ ስሙ አንድ የሆነ ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም። ጋራንድ፣ ያ አሮጌ የአሜሪካ ወታደር ጠመንጃ፣ አለኝ ብለሃል። ጋራንድ 30-06 ይጎርሳል፣ እውነት ነው። ግን ሱቅ የምትገዛው ብርቱ የአደን 30-06 የጋራንድን መግፊያ ዘንግ ሊያጎብጠው ይችላል። ለሱ በወታደሩ ልክ የተሠራ፣ 150 ግሬን አካባቢ የሆነ፣ ካርቶኑ ላይ ለጋራንድ ተብሎ የተጻፈበት አለ። እኔ ሁለቱን በተለያየ የብረት ሳጥን ነው የማስቀምጠው። በጀርባው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ በወፍራም ማርከር «ጋራንድ» እና «ኤልክ» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ በአማርኛ። የ5.56 እና የ223ም ነገር እንዲሁ ነው። በርሜሉ ላይ 223 ብቻ ከተጻፈ 5.56 አታጉርሰው። ስለዚህ ወረቀትህ ላይ 8 ያልከው ዓይነት ምናልባት 10 ነው፣ እንደገና ቁጠረው።

የጥይት ዓይነት መብዛት ምን ያህል ጣጣ እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላ ሰው ልንማረው የሚገባ አልነበረም። ዓድዋ ላይ ሠራዊታችን ውጅግራም፣ ሬሚንግተንም፣ ቬተርሊም ይዞ ነበር፣ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። አርባ ዓመት ቆይቶ ጣሊያን ሲመለስም ችግሩ ያው ነበር። ጥይት በአገራችን ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ የተገበያየበት ዘመን ነበር። በከንቱ አልነበረም።

3ኛ፦ ሱቅ ወስደህ «ሽጥልኝ» ብለህ አትተው። ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፣ ዋናው ነገር ይሄ ስለሆነ እንዳለ ልንገርህ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ተከማችተው የነበሩ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ገብተው ሲሸጡ እኔም ገዝቼ ነበር። አንድ ውጅግራ፣ አንድ ካርካኖ የሚባል የጣሊያን ጠመንጃ፣ አንድ ደግሞ ባለ አንበሳ ማኅተም ማውዘር፣ እነ አባቶቻችን ቤልጅግ የሚሉት። ቤልጅጉ ሰደፉ ላይ በቢላ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበረው። «ገብረ» የሚለው በደንብ ይነበባል፣ የቀረው ተፍቋል። ገብረ ማርያም ይሁን ገብረ መድኅን አላወቅኩም። ግን አንድ ሰው ነበር፣ ይሄን ጠመንጃ ይዞ ያደረ፣ ስሙንም የጻፈበት።

ቤት ስንቀይር 8 ሚሊሜትር ጥይት መያዝ አልፈለግኩምና ቤልጅጉ ለሚያከብረው ሰብሳቢ እንዲደርስ ብዬ ወደ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ሰውዬ ጠመንጃውን አንስቶ እንኳ አላየውም። ለሁሉም በጅምላ የሆነ ዋጋ ጠራ። አንበሳውን ሳሳየው «ይሄ ጭረት ዋጋውን ይቀንሰዋል» አለኝ። የይሁዳ አንበሳ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ዓርማ ነው፣ ጭረት አይደለም አልኩት። «እዚህ አገር ይሄን የሚፈልግ የለም» አለ። እንግዲያው በኮሚሽን ሽጡልኝ ብዬ ፈረምኩና ተውኩላቸው። ኮሚሽኑ 20 ፐርሰንት ነበር።

ቆይቶ ኢንተርኔት ላይ ሳየው «ብርቅዬ የኢትዮጵያ ማውዘር» ብለው፣ ለእኔ ከነገሩኝ ዋጋ ብዙ እጥፍ አስቀምጠውበታል። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ግን ክው አልኩ። ሰደፉ ተሞርዷል፣ አዲስ ቅባት ተቀብቶ እንደ አዲስ ጠረጴዛ ያብረቀርቃል። «ገብረ» የለም። እንዲሸጥ «አሳምረውት» ነው። ስደውል ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ ማሳመሪያውን ኮሚሽኑ ላይ ጨምሮ ሊያስከፍለኝ ነበር። ለአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢ የእንጨቱ ወዝና ጽሑፉ ራሱ ዋጋ ነው። ያንን ሞርደህ ካጠፋኸው በምንም አይመለስም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

መልሱልኝ አልኩ። እዚህ ላይ የማታውቀው ነገር አለ፣ ልብ በል። ኮሚሽን ላይ የተውከውን የራስህን ጠመንጃ ለመመለስ እንደ አዲስ ገዢ ነው የምትቆጠረው። ፎርም 4473 የሚባለውን የመሣሪያ መግዣ ፎርም ትሞላለህ፣ ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ፣ ይደረግልሃል። ይሄ የሱቁ ክፋት አይደለም፣ የፌዴራል ሕጉ ነው። ክፋቱ ሲያስፈርሙኝ ያልነገሩኝና ሲመልሱ ክፍያ የጠየቁበት ነው። ቼኩ ደግሞ ዘገየ። የእኛ ስም የአባት ስም ነው፣ ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይደናገራል። ይሄ ካጋጠመህ መፍትሔ አለው። ኤፍቢአይ ፋይልህን በፈቃድህ ይዞ መለያ ቁጥር ይሰጥሃል፣ ዩፒን ይሉታል። ፎርም 4473 ላይ ቦታ አለው። እኔ አመልክቼ አውጥቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ቼኩ በስም መመሳሰል ዘግይቶብኝ አያውቅም። ስምህ ተስፋዬ በቀለ ወይም መሐመድ አሕመድ ከሆነ ዛሬውኑ አመልክት።

ቤልጅጉን በኋላ ራሴ ነው የሸጥኩት። ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ማኅተሙን፣ የበርሜሉን ውስጥና ቁጥሮቹን ፎቶ አነሳሁ፣ ሰደፉ መሞረዱንም በግልጽ ጻፍኩ። የገዛኝ አሮጌ መሣሪያ ለመሰብሰብ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ይሄ ፈቃድ 50 ዓመት ላለፋቸው መሣሪያዎች ነው፣ ለ3 ዓመት 30 ዶላር ነው የሚከፈልበት። እነዚህ ሰዎች ስለ አንበሳው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ያ ሱቅ ከጠራልኝ ዋጋ በላይ፣ ከነተሞረደው ሰደፉ፣ ምንም ሳይከራከር ከፈለኝ። አሮጌ ነገር ካለህ ወደ ሰብሳቢ እንጂ ወደ ሱቅ አትሂድ። የግድ ሱቅ ከሄድክ ወረቀቱ ላይ «ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምንም አይነካ» የሚል በእጅህ ጻፍና አስፈርም። አንፈርምም ካሉ አንሳና ውጣ።

ውጅግራዬ ግን ግድግዳ ላይ አለ። በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ በፌዴራል ሕግ ጥንታዊ መሣሪያ ነው የሚባለው፣ ጥይትም አይፈልግም፣ ቦታም አይይዝም።

ለዘመድ መስጠትን አንስተሃል። የባለቤትህ ወንድም ዳላስ ነው፣ አንተ ኮሎራዶ ነህ። በስጦታም ቢሆን ከስቴት ወደ ስቴት በእጅ መስጠት አይቻልም። እሱ ባለበት ስቴት ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል ነው የሚያልፈው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለው የአክስትህ ልጅ ደግሞ፣ የአደን ፈቃድ የመሰለ በሕጉ የተለየ ነገር ከሌለው በስተቀር፣ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። እያወቅክ ብትሰጠው አንተም ትጠየቃለህ። የእኛ ሰው «ቤተሰብ ነው፣ ምን ችግር አለው» ይላል። እሱን ግሪን ካርድ የማግኘት ዕድሉን ሊያሳጣው፣ አንተን እስር ቤት ሊያስገባህ ይችላል። እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ ለጓደኛ ስትሸጥም ከ2013 ጀምሮ ባክግራውንድ ቼክ ያስፈልጋል። ከ15 በላይ የሚይዙ የጥይት ካዝናዎችህን ከ2013 ሐምሌ በፊት ይዘሃቸው ከነበር ለራስህ ያዛቸው እንጂ እዚህ አትሽጣቸው። ልትሸጥ ይዘህ ስትዞር ደግሞ ሽጉጥ መኪና ውስጥ ትተህ ለምሳ አትግባ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከዓይን በተሰወረ፣ በተቆለፈ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ ካልሆነ ያስቀጣል። ልጅ ሲመጣ ደግሞ ቤት ውስጥም መቆለፍ ግዴታ ነው።

ጥይቱን እንጨርስ። አፓርታማ ስትገባ መጀመሪያ የሚገርምህ ክብደቱ ነው። 1000 የ9 ሚሊሜትር ጥይት ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል፣ አንተ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነህ። የምትተኩሰውን አትሽጥ፣ ከ2025 ሚያዝያ ጀምሮ ኮሎራዶ በጥይት ላይ 6.5 ፐርሰንት ግብር ስለጨመረች መልሰህ ስትገዛ ታዝናለህ። የምትሸጠውን ጠመንጃ ጥይት ከጠመንጃው ጋር አብረህ ስጥ፣ ገዢ ይደሰታል፣ አንተም ትገላገላለህ። በፌስታል የተደባለቀውን ግን ለማንም አትስጥ። እኔ ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን ቀለሃ ቂጥ በባትሪ እያየሁ ለይቻለሁ፣ ማንነቱ ያልታወቀውን የተኩስ ሜዳው ተረክቦኛል። በፖስታ ቤት ጥይት መላክ ክልክል ነው፣ አትሞክረው። ያ የአሮጌ ዩጎዝላቪያ 8 ሚሊሜትር ጥይትህ ደግሞ መቀስቀሻው ጨው አለው፣ በርሜል ያዝጋል። ከተኮስከው የዚያኑ ዕለት በውኃ እጠበው፣ ዘይት ብቻ ጨዉን አያወጣውም። ለሚገዛህም ንገረው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ዕቃ ስታራግፍ ወደ ተኩስ ሜዳ ትይዘው የነበረውን ቦርሳ ሁሉ ገልብጠህ አራግፍ፣ የስፌቱን ውስጥ፣ የጎን ኪሱን፣ ሁሉን በእጅህ ዳስስ። ባለቤትህ ከወለደች በኋላ አያቶቹን ልታሳዩ አዲስ አበባ መሄዳችሁ አይቀርም። ያን ቦርሳ የሕፃኑን ዳይፐር ትሞሉበትና ቦሌ ፍተሻው ላይ አንዲት 9 ሚሊሜትር ብትገኝ፣ ረስቼው ነው የሚለውን የሚሰማህ የለም። እኔ የቦርሳውን ነገር ጨርሼ ጥዬዋለሁ፣ ለተኩስ ሌላ ቀይ ቦርሳ ገዝቻለሁ፣ ከጋራዥ አይወጣም። ዝርዝርህን ከጨረስክ በኋላ እዚሁ ጻፈው፣ በተለይ ካርካኖ ካለህ የጥይቱን ዓይነት፣ ሁለት ዓይነት ካርካኖ ስላለ አይቼ እነግርሃለሁ።