ቆጣሪው ወደ 1 ሲመለስ

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮድ መጻፍ የጀመራችሁ ልጆች ከምታመጡልኝ ሥራ የጎብኚ ቆጣሪ፣ ድረ ገጽ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚቆጥር ቁራጭ ኮድ፣ ጠፍቶ አያውቅም። ትንሽ ስለሆነ ትንቁታላችሁ፤ እኔ ግን ጀማሪን ብፈትን የምፈትነው በእሱ ነው። የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋው ፒኤችፒ ራሱ ከዚህ ብዙም ካልራቀ ነገር ነው የተነሣው፤ ራስመስ ሌርዶርፍ የሥራ ልምዱን የለጠፈበትን ገጽ ማን እንደሚያየው ለመከታተል የሠራውን መሣሪያ ነው በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው።

በቅርቡ አንዲት ልጅ አንኮበር ላለ እንግዳ ማረፊያ የሠራችውን ድረ ገጽ ይዛ መጣች። በበዓል ሰሞን ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲዞር፣ ሺዎች የደረሰው ቁጥር ድንገት 1 ይሆናል። «ጋሼ፣ ላፕቶፔ ላይ እኮ ይሠራል!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከፒኤችፒ ጋር አብሮ የሚመጣው መሞከሪያ ሰርቨር (ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ፕሮግራም)፣ ካልታዘዘ በቀር፣ የሚያስተናግደው አንድ ሰው ጨርሶ ሌላው ሲገባ ነው። ድረ ገጹ የተቀመጠበት የኪራይ ሰርቨር ግን ብዙ ሰው ባንዴ ያስገባል።

መደመሩን ደጋግማ ስታየው ነበር። መደመሩ ምን አጠፋ? ኮዱ ቁጥሩ የተቀመጠበትን ፋይል ያነባል፣ 1 ይጨምራል፣ ከዚያ ለመጻፍ «ደብልዩ» (w) በሚባለው የፋይል አከፋፈት ይከፍተዋል። በ«ደብልዩ» የተከፈተ ፋይል ደግሞ ገና ሲከፈት ባዶ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ሌላ ጎብኚ ከደረሰ ባዶውን ያነባል፤ ባዶው እንደ ዜሮ ይታያል፤ ዜሮ ላይ 1 ተደምሮ ይጻፋል። ፋይሉን መቆለፍ፣ ማለትም አንዱ እስኪጨርስ ሌላውን ማስጠበቅ፣ እንዳለባት ሰምታ ቆልፋለች፣ ግን ከከፈተችው በኋላ። ሌባው ከወጣ በኋላ በር መዝጋት ነው።

እንግዲህ ምክሬ፦ ስህተቱን በፈለጋችሁት ሰዓት ማስመጣት ሳትችሉ ለማረም አትቸኩሉ። በመክፈቱና በመጻፉ መካከል ኮዱን 5 ሰከንድ አስተኙት፤ ብዙ ሰው ባንዴ በሚያስተናግድ ሰርቨር ላይ ገጹን በላፕቶፕ ክፈቱ፣ ወዲያው ደግሞ በስልክ። ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይወድቃል። አሁን ፋይሉን በ«ሲ ፕላስ» (c+) አከፋፈት ክፈቱት፣ እሱ አያጠፋም፤ ቆልፉ፣ አንብቡ፣ ደምሩ፣ የድሮውን ቁጥር አጽዱ፣ ከመጀመሪያው ጻፉ፣ ቁልፉን ልቀቁ። ማስተኛውን ሳታነሱ ያንኑ ሙከራ ድገሙት። ሁለተኛው ጎብኚ ተራውን ይጠብቃል፣ ቁጥሩም አይወድቅም። «ሁለት ቀን ሆነው፣ አልተመለሰም» የምትሉኝን ግን አልቀበልም፤ ምናልባት ሁለት ቀን ሰው አልመጣ ይሆናል።

ቆጣሪው ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ በዚያ ፋይል ላይ ለመጻፍ ፈቃድ እንዳለው ተመልከቱ፣ ስህተት የሚመዘገብበትን የኤረር ሎግም አንብቡ።

ለባለቤቱም እውነቱን ንገሩት። ሪፍሬሽ የሚያደርገውም፣ ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የጉግል ሮቦትም ይቆጠራሉ። ጎብኚውን በአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) እለያለሁ ብትሉ በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ስልክ አንድ አድራሻ ሊጋራ ይችላል። ከቁጥሩ አጠገብ «ገጹ የተከፈተው» ብላችሁ ጻፉ፤ «የጎብኚዎች ብዛት» የሚለውን፣ ባለቤቱ ቢወደውም፣ አትጻፉለት።