ለጠመንጃ መነጽር የቱ ቀለበት?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከቡሬ ነው። ፈቃድ ባለው የአባቴ ጠመንጃ ላይ ባለ 40 ሚሊሜትር መነጽር ልገጥም ነው። መነጽሩን ጠመንጃው ላይ አቅፎ የሚይዝ ዝቅ ያለና ከፍ ያለ ቀለበት አለኝ፤ የቱን ልምረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መነጽሩ የጠመንጃውን ቧንቧ እስካልነካ ድረስ ዝቅ ያለውን። መጀመሪያ ግን ጠመንጃው ጥይት እንደሌለው አረጋግጥ። 40 የሚባለው የመስታወቱ ስፋት ብቻ ስለሆነ የመነጽሩን የፊት ጫፍ ከውጭ ለካው፤ 48 ቢሆን ግማሹ 24 ነው፣ ለክፍተት 3 ስትጨምር ከቧንቧው አናት እስከ መነጽሩ መሃል 27 ሚሊሜትር ያስፈልግሃል። ቀለበቱ የሚታሰርበት መቀመጫ ከቧንቧው አናት በ5 ከፍ ካለ ቀለበቱ እስከ መሃሉ 22 ይበቃዋል። አደራ፣ አንዳንዱ አምራች ቁመቱን እስከ ቀለበቱ መሃል፣ ሌላው እስከ ታች ጠርዙ ብቻ ነው የሚለካው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጠመንጃው መቀርቀሪያ ሲከፈትም የመነጽሩን የኋላ ጫፍ እንዳይመታ እየው።

ከዚያ ዓይንህን ጨፍን፣ ጉንጭህን ሰደፉ ላይ አሳርፍና ግለጥ። ምስሉ ሙሉ ክብ ሆኖ ከታየህ ልክ ነው። ለማየት አንገትህን የምታሰግግ ከሆነ ቀለበቱ ረዝሞብሃል፤ ጉንጭህ ከተነሣ ጭንቅላትህ በየተኩሱ ቦታ ይቀያይራል። በብርድ ጋቢ ደርበህ የምትተኩስ ከሆነ ደግሞ ደርበህ ሞክረው፣ ትከሻህ ላይ ያለው ውፍረት ዓይንህን ከመነጽሩ ያርቀዋል።